ሽታ የሌለው በደል

ፍሪጅ ጋዝ አይበላም። ፋኖስ ላምባውን እያነደደ ይጨርሳል፤ ፍሪጅ ግን በተሠራ ጊዜ የተሞላለትን ጋዝ በቱቦው ውስጥ ያዞረዋል እንጂ አያጠፋውም። ቱቦው እስካልተነካ ድረስ ጋዙ ሠላሳም ሃምሳም ዓመት ይቆያል። ስለዚህ «ጋዙ አልቋል፤ ይሞላልኝ» ብሎ ፍሪጅ ሠሪ የሚያስጠራ ሰው ቤት ሁለት ነገር ተፈጽሟል፦ ቱቦው አንድ ቦታ ላይ ተበስቷል፤ የጎደለው ጋዝም ከቤቱ ወጥቶ ሄዷል። ከዚህ በኋላ ለባለሙያው ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። ጋዙን ሞልቶ ሒሳቡን ተቀብሎ መሄድ ይችላል፤ ፍሪጁም ለጥቂት ወራት ያቀዘቅዛል። ወይም ቀዳዳውን እስኪያገኝ ይፈልጋል። እኔ የምሟገተው ለሁለተኛው መንገድ ነው። ነገሩ የገንዘብና የዕቃ ዕድሜ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተጨነቅሁበት። ባረጀ ፍሪጅ ቱቦ ላይ ያለች የመርፌ ጫፍ የማታህል ቀዳዳ አንድ ከባድ ጥያቄ ታነሣለች፤ እኛን የማይጎዳንን ጥፋት የማረም ግዴታ አለብን ወይ?

በቅድሚያ ቱቦው ምን እንደሚሠራ እንይ። ፍሪጅ ብርድ አያመርትም፤ ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ ይጥላል። ኮምፕረሰሩ ጋዙን ሲጨምቀው ጋዙ ይግላል፤ ከጀርባ ባሉት ጥቁር ቱቦዎች ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ይሰጥና ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ካፒላሪ በሚባለው እጅግ ቀጭን የመዳብ ቱቦ አልፎ ወደ ፍሪዘሩ ሲደርስ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል። ግፊቱ ስለወደቀ በብርድ ይፈላል፤ ለመፍላት የሚያስፈልገውንም ሙቀት ከሥጋው፣ ከወተቱ፣ ከውሃው ይስባል። ከዚያ ተኖ ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል። እጁን ከፍሪጁ ጀርባ ያስጠጋ ሰው የሚሰማው ሙቀት፣ ከፊሉ ቅድም በወተቱ ውስጥ የነበረው ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዙሩ የተዘጋ በመሆኑ ነው። ዙሩ ከተከፈተ ፍሪጁ የሚጮህ ቁም ሳጥን ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ የቤት ፍሪጆች የሚሠሩበት ጋዝ መርዝ ነበር፤ አሞኒያ፣ ሜቲል ክሎራይድ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ። እ.ኤ.አ. በ1927 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያወጣው ፍሪጅ የዚያ ዘመን መታወቂያ ነው። ኮምፕረሰሩ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ክብ ሆኖ ይታያል። ሕዝቡ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከነበረችው «ሞኒተር» የተባለች ብረት ለበስ መርከብ የመድፍ ማማ ጋር አመሳስሎ «ሞኒተር ቶፕ» አለው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ዛሬም በሰብሳቢዎች ቤት እየሠሩ ያሉ አሉ። ክርስቲያን ስቴንስትሩፕ የተባለው መሐንዲስ ለፍሪጁ ያበረከተው ትልቁ ነገር ማሸግ ነው። ከዚያ በፊት በብዙዎቹ ፍሪጆች ሞተሩ ውጭ ሆኖ ኮምፕረሰሩን በቀበቶ ያዞረው ነበር፤ ዘንጉ ወደ ውስጥ በሚዘልቅበት በኩልም ጋዝ ያፈስ ነበር። እሱ ሁለቱን በአንድ የብረት ቅርፊት ውስጥ አስገብቶ ዘጋቸው።

ታሽጎም ቢሆን ግን ብረት ያረጃል፤ ብየዳ ይሰነጠቃል። በሞኒተር ቶፕ ውስጥ ያለው ጋዝ በአብዛኛው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ድኝ ሲቃጠል አፍንጫን የሚወጋው ሽታ የዚህ ጋዝ ነው። ጥቂቱ ሲያመልጥ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ያንቃል፤ ቤተሰቡ መስኮት እየከፈተ ይወጣል። እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆንና ቱቦውን ራሱን ይበላዋል። የዘመኑ ባለሙያ ቀዳዳውን የሚፈልግበት ዘዴ ግሩም ነበር። በአሞኒያ ውሃ የነከረውን ጨርቅ ይዞ በየመጋጠሚያው አጠገብ ቀስ ብሎ ያሳልፈዋል። ጋዝ የሚያፈስበት ቦታ ሲደርስ ሁለቱ በአየር ላይ ይዋሐዱና ነጭ ጭስ ብቅ ይላል። አንዱ መርዝ ሌላውን ያጋልጠዋል።

ይህ ጋዝ ክፉ ነበር፤ ግን አይደበቅም ነበር። በደሉን የሚቀበለው የፍሪጁ ባለቤት ራሱ ነው፤ ስለዚህም ለመጠገን ማንም አይመክረውም፣ ሕግ አያስገድደውም። አፍንጫው ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ጥፋት ራሱን በራሱ ያርማል ማለት ይቻላል፤ አጥፊውና ተጎጂው አንድ ሰው ስለሆኑ የራስ ጥቅም የሥነ ምግባርን ሥራ ይሠራል።

ዋጋው ግን የሰው ሕይወት ነበር። በተለይ ሜቲል ክሎራይድ ሽታው ደካማ ስለሆነ የተኙ ሰዎችን ሳይነቁ ይገድል ነበር። እንደሚተረከው፣ በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከፍሪጅ ባመለጠ ጋዝ ልጆቹን ጨምሮ ማለቁን የሚገልጽ የጋዜጣ ዜና አልበርት አይንስታይንን እጅግ አሳዘነው። ከወጣቱ የፊዚክስ ሊቅ ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖም ምንም የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው፣ ስለዚህም የሚያረጅ ማሸጊያ የማያስፈልገው ፍሪጅ ለመሥራት ተነሣ። በ1930 ለአንዱ ንድፋቸው የአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኙ። ስለ ጊዜና ስለ ጠፈር የነበረንን አስተሳሰብ የለወጠ ሰው ዓመታት ሰጥቶ ስለ ወጥ ቤት ቱቦ ማሰቡ ለእኔ የአእምሮው ታላቅነት አንዱ ምስክር ነው። ፍሪጁ ገበያ ሳይወጣ ቀረ፤ ሌላ መፍትሔ ቀደመው።

መፍትሔውን ያመጣው ቶማስ ሚጅሊ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በ1928 የማይመርዝ፣ የማይቃጠል፣ በዚያ መጠን ሽታው የማይታወቅ ጋዝ አገኙ፤ በኋላ ፍሪዮን ወይም አር-12 ተብሎ ዓለምን ያዳረሰው ነው። ሚጅሊ በ1930 በአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ጉባኤ ፊት ጋዙን በሳንባው ሙሉ ሳበና በሻማ ላይ ተነፈሰው። ሻማው ጠፋ፤ ሰውየው ደኅና ነበር። በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም አሳየ፤ ሰው አይገድልም፣ እሳትም አይቀጣጠልበትም። ይህን ዛሬ ላይ ሆኖ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ያ ጋዝ ልጆችን በእንቅልፋቸው ከመሞት አድኗል። ምግብ ሳይበላሽ እንዲቆይ፣ ክትባትና መድኃኒት ቀዝቅዞ ወደ ሩቅ አገር እንዲደርስ አስችሏል።

ነገር ግን ከሽታው ጋር አብሮ የሄደ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ማስጠንቀቂያው ነው። አር-12 ሲያፈስ ማንም አያስልም፣ ማንም መስኮት አይከፍትም። ባለቤቱ የሚያውቀው ቅቤው ሲቀልጥ፣ ወተቱ ሲቆመጥጥ ብቻ ነው፤ ጉዳቱም የመሙያው ዋጋ ነው። ስለዚህ ማስሞላት ልማድ ሆነ። ባለሙያዎችም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቱቦ ለመቁረጥ ሲፈልጉ በውስጡ ያለውን ጋዝ ዝም ብለው ወደ አየር ይለቁት ነበር፤ ምንም ስለማያደርግ። ቀዳዳ መፈለግ የሚፈልግ ግን መሣሪያ ነበረው። በእጅ የሚያዝ ትንሽ የጋዝ መብራት ነው፤ በላስቲክ ቱቦ አየር እየሳበ በጋለ መዳብ ላይ ያነዳል። የቱቦውን አፍ በየመጋጠሚያው ሲያስጠጉት እሳቱ መልኩን ሳይለውጥ ይቆያል፤ አር-12 የሚያፈስበት ቦታ ሲደርስ አረንጓዴ ይሆናል። አፍንጫችን ሲከዳን ዓይናችንን ተካንበት ማለት ነው።

ሰማዩም እንዲሁ ዓይን ያስፈልገው ነበር። እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ እጅግ ጥቂት የሆኑ ቅንጣቶችን የሚለይ መሣሪያ ሠርቶ ነበርና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመርከብ ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሳይቀር የእነዚህን ጋዞች ዘመድ በአየር ውስጥ አገኘ። ከቤት የወጣው የትም አልጠፋም፤ ተከማችቶ ነበር። በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮላንድ የቀረውን ተናገሩ። ጋዙ ከምድር አጠገብ ምንም ስለማይነካው ሳይፈርስ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይሰብረውና ክሎሪን ይለቃል፤ አንድ የክሎሪን አቶምም በሺዎች የሚቆጠሩ የኦዞን ሞለኪውሎችን ያፈርሳል። ኦዞን ደግሞ ያንን ጨረር ከእኛ የሚከላከል ሽፋን ነው። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጆሴፍ ፋርማንና ሁለት ባልደረቦቹ በአንታርክቲካ ሃሌይ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ሲለካ የኖረው ኦዞን በጸደይ ወራት እጅግ ማሽቆልቆሉን አሳተሙ። ወጥ ቤት ውስጥ ማንንም ያላሳለ ጋዝ የምድርን ጣራ በስቶት ተገኘ።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ጥያቄ ሙሉ ክብደቱን የሚያገኘው። አር-12 ጨካኝ ጋዝ አልነበረም፤ ያደረገው ነገር ጥፋቱን ከሕመሙ መለየት ነው። የሚያፈሰው አንድ ሰው፣ የሚታመመው ሌላ ሰው፤ ምናልባትም ገና ያልተወለደ። ጋዙ በአየር ላይ መቶ ዓመት ገደማ ስለሚቆይ ዛሬ ከአንድ ቤት የወጣው የባለቤቱ የልጅ ልጆች አርጅተውም በሰማይ ላይ ይኖራል። ጀርመን ተወልዶ ከናዚዎች የሸሸው ፈላስፋ ሐንስ ዮናስ በ1979 ባሳተመው ስለ ኃላፊነት በሚያትተው መጽሐፉ ያነሣው ነገር ይህ ነበር፤ የቀደመው ሥነ ምግባር የተቀረጸው ለቅርብ ሰውና ለቅርብ ጊዜ ነው፤ የሰው ልጅ እጅ ግን አሁን ሩቅ አገርና ሩቅ ዘመን ደርሷል፤ ኃላፊነቱም እጁ እስከደረሰበት መድረስ አለበት። እኛም ያደግነው በጎረቤት ሥነ ምግባር ነው። ጭሳችን ወደ ጎረቤት ግቢ ሲገባ እናፍራለን፤ ውሃችን በአጥሩ ሥር ሲፈስ ይቅርታ እንጠይቃለን። ይህ ውብ ነገር ነው፤ አጥር የሌለው ጎረቤት ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል።

«የአንድ ፍሪጅ ጋዝ ስንት ነው?» የሚል ይኖራል። ጥቂት መቶ ግራም ነው፤ በአሮጌዎቹ ትንሽ ይበልጥ ይሆናል። ነገር ግን ያን ጉዳት ያደረሰ አንድ ትልቅ ቀዳዳ በዓለም ላይ የትም አልነበረም። ከፍሪጅ፣ ከመኪና ማቀዝቀዣ፣ ከሽቶ መርጫ ጣሳ የወጣ ጥቂት ጥቂት ነው ሰማይ የደረሰው። ዋና አጥፊ የሚባል ሰው ስለሌለ ኃላፊነቱን የምናስረክበው ሰው የለም፤ ተከፋፍሎ በየበሩ ደጃፍ ቆሟል።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ ፍሪጅ ሲጠገን ቆሜ ተመልክቻለሁ። እጀታው እንደ መኪና በር ተስቦ የሚከፈት ዓይነት ነው። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ባለቤቷ አሮጊት ናቸው። «እማማ፣ ጋዝ ብቻ ብሞላልዎ ለፋሲካ ያደርስዎታል፤ ክረምቱን ግን አይወጣም» አላቸው። «እንግዲያስ ፈልገው ልጄ፣ ከነካኸው ወዲያ ጨርሰው» አሉት።

ፍሪጁን ከግድግዳው አራቀውና መጀመሪያ ዓይኑን ብቻ ተጠቀመ። ጋዝ ሲወጣ ጥቂት የኮምፕረሰር ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ዘይቱም አቧራ ይይዛል። ስለዚህ ከንጹሕ ቱቦ ይልቅ ጥቁር እድፍ ያለበትን መጋጠሚያ ፈለገ። ፍሪዘሩንም በጣቱ ዳሰሰው፤ በረዶ በቢላዋ የሚፈነቅል ሰው ቱቦውን የሚበሳው እዚያ ነውና። ቱቦውን በናይትሮጅን ግፊት ሞልቶ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልታየም። በመጨረሻ ከኮምፕረሰሩ በሚወጣው ቱቦ መታጠፊያ ላይ፣ ንዝረቱ ዓመት ከዓመት መዳቡን ከብረቱ ጋር ሲያፋትግ በኖረበት ቦታ፣ አንዲት አረፋ ቀስ ብላ አበጠችና ፈነዳች። በዚያው ቦታ ሌላ አበጠች። ባለሙያው ፈገግ አለ፤ እማማም ጎንበስ ብለው አዩ።

የቀረው የትዕግሥት ሥራ ነበር። የተበላውን ክፍል ቆርጦ አወጣ፤ አዲሱን መዳብ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተገው። በብር ቅልቅል ሲበይድ በቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን በቀስታ እንዲያልፍ አደረገ፤ አለበለዚያ የጋለ መዳብ ውስጡ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል፣ ቅርፊቱም ተሰባብሮ ካፒላሪውን ይደፍናል። ማጣሪያውን ለወጠ። ከዚያ የቫኪዩም ፓምፑን ሰክቶ አስነሣ። በመዲናችን ከፍታ ምክንያት ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ እንደሚፈላ ባለጓዳዎች በሥራቸው ያውቁታል፤ ፓምፑ ይህንኑ የተፈጥሮ ሕግ ወደ ጫፉ ይወስደዋል። ግፊቱ ሲወርድ በቱቦው ውስጥ ተሸሽጎ የቀረ እርጥበት በክፍሉ ሙቀት ይፈላና ተጠርጎ ይወጣል። ጠብታ ውሃ ከቀረ በካፒላሪው ጫፍ በረዶ ሆኖ መንገድ ይዘጋል። ፓምፑን ካጠፋ በኋላ ጋዝ ለመሙላት አልቸኮለም። የጌጁን መርፌ እያየ ተቀመጠ። መርፌው ከቆመበት ንቅንቅ ካለ ሌላ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። አልተንቀሳቀሰም።

ይህ የመጠበቅ ሰዓት ለእኔ የጥገናው ልብ ነው። ፍሪጁ በዚያን ጊዜ አያቀዘቅዝም፤ ባለቤቷ የሚያዩት ጥቅም የለም፤ ባለሙያውም በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ይዞ ገንዘብ ማግኘት ይችል ነበር። የተቀመጠው የማያየውንና የማይሸተውን ነገር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ማስሞላት «ዛሬ ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥገና «ከእኔ በኋላ የሚወጣ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሽታ ከሄደ በኋላ የቀረልን ሥነ ምግባር ይህን ይመስላል፤ መጀመሪያ የተሰወረውን እንዲታይ ማድረግ፣ ቀጥሎ መዝጋት፣ ከዚያ መዘጋቱን ሳይሰለቹ ማየት።

ይህን ሁሉ ጫና በአንድ ድኻ ባለሙያና በአንዲት አሮጊት ትከሻ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው ቢባል፣ ሙግቱን እቀበላለሁ። ሰማይን የበሳው ጋዝ በአብዛኛው የወጣው ከሀብታም አገሮች ቤትና መኪና ነው። ዓለምም ይህን አምኗል። መስከረም 5 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 16 ቀን 1987፣ የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ለታዳጊ አገሮች ተጨማሪ ጊዜ ሰጠ፤ በኋላም ወጪያቸውን የሚያግዝ ፈንድ ተቋቋመለት። ኢትዮጵያ በ1994 ተቀላቀለች፤ በ2009 የዓለም አገሮች ሁሉ አባል ሆነዋል። ስምምነቱ ሲፈረም በአንታርክቲካ ስላለው ጉዳት መንሥኤ የሚያከራክረው ነገር ገና አላለቀም ነበር፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምክር መንግሥታት በአንድነት ሲፈጽሙት ከታየባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው። ውጤቱም ይታያል፤ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ድጋፍ የተዘጋጀው የ2022 ሳይንሳዊ ግምገማ እንደሚለው፣ ስምምነቱ ከተከበረ በአንታርክቲካ ላይ ያለው ኦዞን በ2066 ገደማ ወደ 1980 ይዞታው ይመለሳል። ሰማይም ይጠገናል። ነገር ግን ስምምነቱ ቱቦ አይበይድም። ቃሉ የሚፈጸመው እርጥብ አረፋ ይዞ በተንበረከከ ሰው እጅ ነው፤ ስለዚህ የፍለጋውን ሰዓት ከጋዙ ዋጋ ጋር አብረን ልንከፍለው ይገባል። ለመሙላት ብቻ እየከፈልን ቀዳዳ ፈላጊ ባለሙያ ማግኘት አንችልም።

አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ነገሩን አያቀልለውም። ጋዙ ሳይሰበሰብ የተጣለ ፍሪጅ ለብረት ሲቆራረጥ የያዘውን ሁሉ በአንድ ቀን ይለቃል። አር-12ን የተካው አር-134ኤ የተባለው ጋዝም ክሎሪን ባይኖረውም፣ ምድርን በማሞቅ ረገድ አንዱ ኪሎ ከሺህ ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው፤ እሱም አይሸትም። በ2016 ኪጋሊ ላይ አገሮች እንዲህ ያሉትንም ጋዞች ለመቀነስ ተስማምተዋል።

አሁን በብዙ አዳዲስ የቤት ፍሪጆች ውስጥ የሚገኘው አይሶቡቴን፣ በሙያው ስም አር-600ኤ፣ ኦዞንን አይነካም፤ ምድርን የሚያሞቀውም ከቁጥር አይገባም። ነገር ግን ይቀጣጠላል። ስለዚህ በአንድ ፍሪጅ ከ150 ግራም እንዳይበልጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል፤ ብልጭታ የሚሰጡ ማብሪያዎችም ከጋዙ መንገድ እንዲርቁ ይደረጋል፤ ለዚህ ባልተሠራ አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ መሙላትም አደገኛ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት አደጋው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ከዚያ ወደ ሰማይ ተሰደደ። አሁን በግራም ተመጥኖ፣ በደንብና በጥንቃቄ ታስሮ ወደ ወጥ ቤት ተመልሷል። ይህን እንደ ኋላ መመለስ አላየውም። ቀዝቃዛውን ውሃ የሚጠጣው ቤተሰብ የጋዙን ሥጋት በራሱ ጣራ ሥር አስቀምጦ ሲጠብቅ፣ ሌላ አገር ያለ ሰው ወይም ገና ያልተወለደ ልጅ ዕዳ አይወርስም። ጥቅሙን የወሰደ ሥጋቱንም ይሸከም ማለት ጥንታዊ ፍትሕ ነው፤ የእኛ ትውልድ ፈንታም ያንን ፍትሕ ሽታ በሌለው ነገር ላይ ማዋልን መማር ነው።